ካርታው ያያቸውና ያላያቸው ነጋዴዎች
(ከኢንተርኔት ካርታ ስለሚለቀም የዕጩ ደንበኞች መዝገብ የቀረበ ሂስ)

ነጋዴ ዕቃውን ሊገዛ የሚችለው ሰው ማን እንደ ሆነና የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ለማወቅ መፈለጉ ዐዲስ ነገር አይደለም። ዐዲስ የሆነው፥ ይህ ዕውቀት ከወንበር ሳይነሡ በኢንተርኔት ላይ ከተዘረጋ ካርታ በአንድ ማታ ተለቅሞ ሊገኝ ይችላል የሚለው እምነት ነው። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። በጉግል ካርታ ላይ የንግዱን ዐይነትና የሰፈሩን ስም፥ ለምሳሌ «ዳቦ ቤት፥ ፒያሳ» ብለው ይጽፋሉ፤ ካርታውም የቤቶቹን ስም፥ የስልክ ቍጥራቸውን፥ የሚከፈቱበትን ሰዓትና ደንበኞች የሰጧቸውን ኮከብ ዘርዝሮ ያወጣል፤ ይህንንም በእጅ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ ያዛውሩታል። ከዚህ በኋላ ሰንጠረዡ «የዕጩ ደንበኞች መዝገብ» ተብሎ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ይሰጣል፥ ወይም ይሸጣል። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል እንኳ በዚህ ሥራ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙ አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሠራር መርምሮ በጎውን በጎ፥ ጕድለቱንም ጕድለት ብሎ ለማሳየት ነው። ነገሩን ከሩቅ የምነቅፍ እንዳልመስል አስቀድሜ መናገር የሚገባኝ፥ እኔ ራሴ እንዲህ ያለ መዝገብ ሠርቼ፥ በመዝገቤ ምክንያት ሌላ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ያጣ መሆኑን ነው።

፩. የሂሱ መነሻ

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን ዐዋጅ ባጸደቀ ጊዜ፥ አክስቴ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋራ ሆነው የወረቀት ከረጢት በእጅ እያጠፉና እያጣበቁ መሥራት ጀመሩ። የነበረቻቸው ጥሪት በወረቀትና በማጣበቂያ አለቀች። ከረጢቱ በአንድ ክፍል ተከምሮ ገዢ በታጣ ጊዜ፥ «አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፤ በዚህ ከተማ ዳቦ ቤትና መድኃኒት ቤት ያላቸውን ሰዎች ስም ልታወጣልኝ አትችልም ወይ?» አሉኝ። እኔም «እቴቴ፥ ነገ ጧት ይደርስልዎታል» ብዬ መለስሁ።

እንዳልሁትም በማግሥቱ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፥ ከተክለ ሃይማኖት እስከ መርካቶ ያሉትን ዳቦ ቤቶች፥ ኬክ ቤቶች፥ መድኃኒት ቤቶችና የጫማ መደብሮች የያዘ ብዙ ገጽ መዝገብ አስረከብኋቸው። አክስቴ ካርድ እየሞሉ ከመጀመሪያው መሥመር ጀምረው ከሳምንት በላይ ደወሉ። አንዳንዱ ስልክ አይሠራም፤ አንዳንዱን የሚያነሣው ቤቱን ቀድሞ ተከራይቶት የነበረ ሰው ነው፤ አንዳንዱም ከሥራው የወጣ አስተናጋጅ ነው። ያነሣው ባለቤቱ ሲሆን ደግሞ ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም «ማን ልኮዎት ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በመዝገቤ ውስጥ መልስ አልነበረም። የተገኘው ሽያጭ ለስልክ የወጣውን እንኳ አልመለሰም። አክስቴ አልተቈጡኝም፤ «መዝገብህ ስም አለው፥ ሰው ግን የለውም» ብቻ አሉኝ። እንግዲህ ስም ኖሮት ሰው የሌለው መዝገብ እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ ለማወቅ መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

፪. የነጋዴ መዝገብ ጥንትና ዛሬ

የነጋዴዎችን ስም ሰብስቦ ማተም ረጅም ታሪክ አለው። በለንደን ከተማ የሚኖሩትን ነጋዴዎች ስምና መኖሪያ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1677 ታትማለች። በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው የመጀመሪያው የስልክ ማውጫ 50 ያህል ስሞች ብቻ የተጻፉበት አንድ ወረቀት ነበረ። ነጋዴዎችን በሥራቸው ዐይነት የሚለየው፥ «ቢጫ ገጾች» በመባል የታወቀው ማውጫም ከዚያ በኋላ ተከተለ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም የታተሙበት ዓመትና ያሳተማቸው ሰው ወይም ድርጅት የታወቀ መሆኑ ነው። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ የሚጠየቅ አለ፤ መጽሐፉ ያረጀ እንደ ሆነም ዓመቱን አይቶ መጠንቀቅ ይቻላል።

ሆኖም መዝገብ ከመዝገብ መገልበጥ የኢንተርኔት ዘመን በሽታ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ለዚህም በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት የተነሣውን የታወቀ ክርክር መመልከት ይጠቅማል። ሩራል የተባለው የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን ማውጫ ያሳትም ነበረ፤ ፋይስት የተባለው አሳታሚ ደግሞ ብዙ ወረዳዎችን የሚያጠቃልል ሰፊ ማውጫ ለማውጣት ፈልጎ ፈቃድ ቢጠይቅ ሩራል ከለከለው። ፋይስትም ያለ ፈቃድ ገለበጠ። ምንም እንኳ ስሞቹን የሚያጣሩ ሠራተኞች ቢቀጥር፥ በ1983 ባሳተመው ማውጫ ከነበሩት 46,878 ስሞች መካከል 1,309ኙ ከሩራል ማውጫ ጋራ አንድ ዐይነት ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም ውስጥ አራቱ፥ ሩራል ገልባጭን ለመያዝ ብሎ ሆን ብሎ የጨመራቸው፥ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎች ስሞች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 የፈረደው ለፋይስት ነው፤ የሰው ስምና ስልክ በፊደል ተራ መደርደር ብቻውን የድርሰት መብት አያሰጥም ብሏልና። ለእኛ ጕዳይ ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚያስተምረው የአራቱ ስሞች ታሪክ ነው። አጣሪ ቀጥሮ የገለበጠ ሰው የሌሉ ሰዎችን አብሮ ከለቀመ፥ ያለ ምንም አጣሪ በአንድ ማታ የሚለቅም ተማሪ ምን ያህል የሌለ ነገር እንደሚሰበስብ መገመት አያዳግትም።

፫. ካርታው በማን እጅ ይሞላል

የጉግል ካርታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 ለሕዝብ ተከፈተ። ከታተመ ማውጫ የሚለየው ሽፋንና የታተመበት ዓመት የሌለው በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ መሥመር የየራሱ ዕድሜ አለው፤ አንዱ ትናንት፥ ሌላው ከስምንት ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ በሰንጠረዥ ላይ ሲሰለፉ ግን እኩያ ይመስላሉ።

መሥመሮቹን የሚሞሉት የተለያዩ እጆች ናቸው። የመጀመሪያው የንግዱ ባለቤት ነው። ለዚህ የተዘጋጀው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 «ጉግል ማይ ቢዝነስ» ተባለ፤ ከ2021 ወዲህ «ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» ይባላል። ሁለተኛው በፈቃዱ የሚጽፍ ማናቸውም ተጠቃሚ ነው፤ በመንገድ ሲያልፍ ያየውን ቤት ይጨምራል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል፥ አስተያየት ይሰጣል። ሦስተኛው ኩባንያው ራሱ ከልዩ ልዩ ምንጭ የሚሰበስበው ነው። ለቃሚው ግን የትኛው መሥመር በየትኛው እጅ እንደ ገባ ሳይለይ ሁሉን በአንድ ዐምድ ይከታል።

ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ኩባንያው ለብዙ ጊዜ የተጠቀመበት መንገድ ምስጢር ቍጥር ያለበት ፖስት ካርድ በቤቱ አድራሻ መላክ ነበረ፤ ዛሬ በስልክና በቪዲዮም ያረጋግጣል። የፖስት ካርዱ ዘዴ የታሰበው ፖስተኛ ከበር ድረስ ለሚመጣበት አገር እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን እንጂ በበር አይደለም። ከዚህም በቀር ማረጋገጫው ሁሉን አጭበርባሪ አያግድም፤ ኩባንያው ራሱ በ2023 ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሐሰተኛ የንግድ መግለጫዎችን እንደ ሰረዘ ወይም እንዳገደ አስታውቋል። የተሰረዙት እነዚህ ናቸው፤ ያልተያዙትን የሚያውቅ የለም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ነገር፥ ካርታው ሲጠየቅ ያለውን ሁሉ የማያወጣ መሆኑ ነው። ኩባንያው እንደሚገልጸው ውጤቱ የሚደረደረው በሦስት ነገር ነው፤ ቤቱ ከተጠየቀው ነገር ጋራ ባለው ተዛማጅነት፥ በርቀቱና በታዋቂነቱ። ለፕሮግራም ሠሪዎች በተከፈተው በር በጽሑፍ ለሚቀርብ አንድ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከ60 ቤቶች አይበልጥም። ብልኆቹ ለቃሚዎች ይህን ለማለፍ ከተማውን እንደ ዳማ ገበታ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው በየአንዳንዱ ላይ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ይህም ቢሆን ብዛትን ይጨምራል እንጂ በካርታው ላይ ያልገባውን ቤት አያስገባም።

፬. ጕድለቶቹ በአዲስ አበባ እንደሚታዩት

ከዚህ በላይ ያለው ለማናቸውም አገር የሚሠራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ግን መዝገቤን ይዤ በእግሬ እየዞርሁ በአዲስ አበባ ያስተዋልሁትን በአምስት ክፍል አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ያልታዩ ነጋዴዎች ጕዳይ ነው። በካርታው ላይ የሚገባው ደንበኛ ፈልጎ እንዲያገኘው የሚሻ ነጋዴ ነው፤ ሆቴል፥ ካፌ፥ ክሊኒክ፥ የውበት ሳሎን ይበዛሉ። ደንበኞቹ የሰፈሩ ሰዎች የሆኑለት ባለ ኪዮስክ፥ ጉልት የምትቸረችር ሴት፥ በጓሮዋ እንጀራና ዳቦ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል ባልቴት በካርታው ላይ መውጣት ምን ያደርግላቸዋል? የሚገዛቸው ሰው ቤታቸውን ያውቃል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት ለካርታው ይሠራል፤ ለገበያው ግን አይሠራም። ከረጢት የሚፈጁት እነዚህ ያልተናገሩት ናቸውና።

ሁለተኛው የጠፉ ነጋዴዎች ጕዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በውስጣቸው ይነግዱ የነበሩትም ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትነዋል። በመዝገቤ ከነበሩት መካከል አንዱን ኬክ ቤት ፍለጋ ሄጄ ያገኘሁት ሰፊ የእግረኛ መንገድና ዐዲስ የተተከለ ሣር ነው። በካርታው ላይ ኮከቡም፥ ሰዎች ስለ ኬኩ የጻፉት ምስጋናም እንዳለ ነበረ። ባለቤቱ ዛሬም በሌላ ሰፈር ይሠሩ ይሆናል፤ መዝገቤ ግን ያስቀመጣቸው በሣሩ ላይ ነው።

ሦስተኛው የስምና የዐይነት ጕዳይ ነው። ብዙ ቤቶች በካርታው ላይ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ አንዱ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ አንዱ ዳቦ ቤት ሁለት ጊዜ፥ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይመዘገባል፤ ለቃሚውም ሦስት ደንበኛ ያገኘ ይመስለዋል። ዐይነቱን የሚለየው ዝርዝርም የውጭ አገር ከተማ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ጠጅ ቤት በቡና ቤት ስም፥ ወፍጮ ቤት በፋብሪካ ስም፥ ዳቦ ቤት በካፌ ስም ገብተው አግኝቻለሁ። ዱቄት ሻጭ ወፍጮ ቤትን ሲፈልግ ፋብሪካ ያገኛል፤ ፋብሪካ ሲፈልግም ወፍጮ ቤት።

አራተኛው የአድራሻ ጕዳይ ነው። በከተማችን የቤት ቍጥር ቢኖርም ሰው ቤት የሚያገኘው በቍጥር አይደለም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፥ ከፋርማሲው አጠገብ ባለው ቅያስ» ተብሎ ነው እንጂ። የመርካቶ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። መርካቶ ጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ የተቋቋመ ነው፤ ሥርዐቱም በ«ተራ» ነው። ሸማ ተራ፥ በርበሬ ተራ፥ ቦምብ ተራ፥ ምናለሽ ተራ እየተባለ ዕቃው ከነነጋዴው በየቦታው ተሰልፏል። ተራው ራሱ በመሬት ላይ የተጻፈ የነጋዴዎች መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። በካርታው ላይ ግን ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ሱቅ የሞላው የገበያ ሕንጻ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ከላይ ሲታይ አንዱ ሱቅ በሌላው ላይ ተደራርቦ ይጠፋል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የንግድ ዝምድና ጕዳይ ነው። አክስቴ ስልኩን ከተዉ በኋላ አንድ ቀን አብረን በእግራችን ወጣን። በአንድ ዳቦ ቤት ደጅ የነበሩ ሽማግሌ ባለቤት ከረጢቱን በእጃቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፥ እኔ ከረጢት የምገዛው ከሚያመርት ሰው አይደለም። ፌስታል ያመጣልኝ የነበረው መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ ነው፤ ወረቀቱንም የሚያመጣልኝ እርሱ ነው። በዱቤ ይሰጠኛል፥ ቅዳሜ እከፍለዋለሁ። እኔን ትታችሁ እርሱን አነጋግሩት።» ወደዚያ ሰው ሄድን። ሱቁ በካርታው ላይ የለም፤ ከደጁም ላይ ጽሑፍ የለም። እርሱም እንደ ሌሎቹ መጀመሪያ የጠየቀን «ማን ላካችሁ?» ብሎ ነው። በዚህ ጊዜ ግን መልስ ነበረን፤ የሽማግሌውን ስም ጠራን። ወንበር ሳበልን፥ ናሙናውን ተቀበለ፥ ስለ ወረቀቱ ውፍረትና ስለ ማጣበቂያው ብዙ ጠየቀ፤ ለሙከራ ያህልም ጥቂት እሽግ ወሰደ።

የምርመራዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ካርታው ቦታን ያሳያል እንጂ ማን ከማን እንደሚገዛ፥ ማን ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፥ ማን በማን ቃል እንደሚታመን አያሳይም። በመዝገቤ ላይ የነበሩት ዳቦ ቤቶች እውነተኛ ዳቦ ቤቶች በነበሩ ጊዜ እንኳ ለአክስቴ ዕጩ ደንበኞች አልነበሩም፤ ዕጩው ደንበኛ ከኋላቸው የቆመው፥ ስሙ ያልተጻፈው ጅምላ ሻጭ ነበረ። ካርታው የሚመልሰው «ዳቦ መግዛት ብፈልግ የት ልሂድ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሻጭ የሚጠይቀው ደግሞ «ለዳቦ ቤቱ ዕቃ መሸጥ ብፈልግ ማንን ላነጋግር?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ የአንዱን መልስ ለሌላው እንሰጣለን፤ የአሠራሩ ዋና ስሕተት ከዚህ ይመነጫል።

፭. ስለ ሕግና ስለ ጨዋነት

መዝገቡን በሠራሁ ጊዜ ያላነበብሁት ነገር የካርታው የመገልገያ ውል ነው። ይህ ውል የካርታውን ይዘት በጅምላ ማውረድን ይከለክላል፤ ለፕሮግራም ሠሪዎች የተዘጋጀው ውልም የንግድ ቤቶችን ስም፥ አድራሻና የተጠቃሚዎችን አስተያየት ገልብጦ ማስቀመጥን በግልጽ ጠቅሶ ይከለክላል። የፋይስትን ፍርድ አንብቦ «እንግዲያውስ ስምና ስልክ የማንም አይደለም» የሚል ሰው፥ የድርሰት መብትና ውል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መዘንጋት የለበትም። በአውሮጳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ መዝገብ ለማዘጋጀት ከፍ ያለ ወጪ ያደረገውን ሰው የሚጠብቅ የተለየ ሕግ አለ።

በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል። ይህ ዐዋጅ የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ድርጅትን አይደለም፤ ሆኖም በእኛ ከተማ የትንሽ ነጋዴ ስልክና የግል ስልክ አንድ ናቸው። በዳቦ ቤቱ ስም የተጻፈው ቍጥር ባለቤቲቱ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የሚጠሩበት ቍጥር ነው። ደንበኛ ዳቦ እንዲያዝበት ብለው የሰጡትን ቍጥር ለማያውቁት ሻጭ መሸጥ፥ ሕጉ ምንም ቢል፥ ከጨዋነት የራቀ ነው። ስለዚህ ነገር ጽፌ እኔ ራሴ ነጻ ነኝ ማለት አልችልም፤ በአክስቴ ስልክ የተረበሹት ሰዎች የተረበሹት በእኔ እጅ ነውና።

፮. ለካርታው የሚቀርብ መከላከያ

ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቼ ባነበብሁላቸው ጊዜ የቀረበልኝ ተቃውሞ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። አንዱ ጓደኛዬ «ከተማው ሰፊ ነው፤ በእግር ማጣራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጕድለት ያለው መዝገብ ከምንም ይሻላል» ብሎኛል። በእርግጥም ካርታው ጥቅም አለው። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው የት እንደሚጀምር ያመለክተዋል። የአስተያየቶቹን ቀን በማየት ቤቱ እስከ መቼ ይሠራ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል፤ ከፎቶግራፉም ላይ የቤቱን ትክክለኛ ስም በአማርኛ ማንበብ ይቻላል። ዘመድና ወዳጅ በንግዱ ውስጥ የሌለው ወጣት፥ ካርታው ባይኖር በር የሚከፍትለት አያገኝም ነበር። ለሆቴል ወይም ለክሊኒክ ዕቃ የሚያቀርብ ሰው ከአክስቴ የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝም አምናለሁ፤ እነዚህ በካርታው ላይ መውጣት የሚጠቅማቸው ናቸውና።

ነገር ግን ማጣራት ገንዘብ ይጠይቃል የሚለው ክርክር አንድ ነገር ይስታል። ማጣራቱ የማይቀር ሥራ ነው፤ ለቃሚው በእግሩ ባያጣራ፥ መዝገቡን የገዛው ሰው በስልኩ ያጣራል፥ ስልኩን የሚያነሣው ነጋዴም በጊዜው ይከፍላል። ለቃሚው ያተረፈው ድካም ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ይዛወራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በዚህ አሠራር ግን የሚቸኩለው አንዱ፥ የሚለቅመው ሌላው ነው። ይህም ሌላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥሪቱ ትንሽ የሆነው ነው።

ነጻ የሆኑ ካርታዎች፥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ፥ ምንጩን ጠቅሶና የፈቃዱን ደንብ ጠብቆ ለሚገለገል ሁሉ ክፍት ስለ ሆኑ የውሉን ችግር ያቃልላሉ። ያልታየውን ነጋዴ ጕዳይ ግን እነርሱም አይፈቱትም፤ በእነርሱም ላይ የሚገኘው ሰዎች አይተው የጻፉት ብቻ ነው።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አስተያየት ካርታውን እንጣለው የሚል አይደለም፤ ስሙን እናስተካክል የሚል ነው። ከካርታ የተለቀመ ዝርዝር የዕጩ ደንበኞች መዝገብ ሳይሆን የሚጠየቁ ቤቶች ዝርዝር ነው። መዝገብ ይባል ዘንድ ቢያንስ አራት ነገር ሊጨመርበት ይገባል። አንደኛ፥ እያንዳንዱ መሥመር መቼ እንደ ታየና በማን እንደ ተጣራ ይጻፍ፤ ያልተጣራውም «ያልተጣራ» ይባል። ሁለተኛ፥ በአንድ ሰፈር አንድ መንገድ ተመርጦ ከዳር እስከ ዳር በእግር ይታይ፤ ካርታው የዘለላቸውና በካርታው ላይ ኖረው በመሬት የጠፉ ቤቶች ተቈጥረው ለገዢው ይነገሩ። ሦስተኛ፥ ከሚጠየቁት ነጋዴዎች ለአንዳንዶቹ «ይህን ዕቃ ዛሬ ከማን ይገዛሉ?» የሚል ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ስም ይተካል። አራተኛ፥ ስልኩን ለሻጭ ለመስጠት ባለቤቱ ይፈቀድ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ የፈቀደ ሰው ሲደወልለት «ማን ልኮዎት ነው?» ብሎ አይጠይቅምና።

እንዲህ ያለው መዝገብ ከመጀመሪያው በጣም ያጠረ ይሆናል። እኔ ለአክስቴ በሁለተኛው ጊዜ የሠራሁላቸው በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ይበቃል፤ በኮምፒዩተርም አልተጻፈም። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ግን «የላከን» የሚል አንድ ዐምድ አለው፤ የመጀመሪያው መዝገቤ ይህ ዐምድ አልነበረውም። አክስቴ ከረጢቱን አሁንም እየሠሩ ነው፤ ክምሩም እየቀነሰ ነው። ትርፉ ገና ትንሽ ስለ ሆነ ውጤቱን ከዚህ በላይ ማሞገስ አይገባኝም።

የንግድ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቼ ይህን ምርመራ በሌላ ሰፈርና በሌላ ዕቃ ላይ ቢሞክሩት፥ ከእኔ የተሻለ ነገር እንደሚያገኙ አልጠራጠርም። በጽሑፉ ውስጥ ጕድለት ያገኙ መምህራንና ተማሪዎችም ቢያርሙኝ በምስጋና እቀበላለሁ።